የእትዬ አገጭ

የእትዬ አንገት ከብዙ ወንድ አንገት ይወፍር ነበር። ይሄን ብታነበው ትስቃለች እንጂ አትቆጣም፤ አንገቱን የሠራችው ራሷ ናትና። ከአሠሪዋ ከማዳሟ ቤት ይዛው የወጣችውን ሻንጣ ማንገቻ ቆርጣ፣ ደርባ ሰፍታ፣ እንደ ልጓም ጭንቅላቷ ላይ ታስረዋለች። ከሥሩ በሰንሰለት ከባድ ብረት ይንጠለጠላል። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ደግፋ ታጎነብስና ጭንቅላቷን ቀና፣ ደፋ፣ ቀና፣ ደፋ ታደርጋለች። ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ቆጠራሽ እንደ ፓስፖርት ሰልፍ አይንቀሳቀስም እኮ" ትለኛለች ጥርሷን ነክሳ።

"ሃያ ሁለት።"

"ሃያ ሁለትን ቅድም ብለሽዋል።"

"ቅድም ያልኩት ሃያ አንድን ነው።"

"ዋሾ። ያላ፣ ቀጥይ።"

ይህ ሁሉ የሚሆነው ቤይሩት፣ ናባዓ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከሶፋ ጠጋኝ ሱቅ ሥር ባለ ምድር ቤት ነበር። የስፖንጅ ብናኝ በደረጃው ወርዶ ጓንታችን ላይ ያርፋል። መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ በጨለማ ቡጢ መወርወር በአሰልጣኛችን ዘንድ ክልክል ነው። አሰልጣኛችንን ኡስታዝ እንላቸዋለን፤ ድሮ ቡጢኛ የነበሩ፣ አፍንጫቸው ፊታቸው ላይ የተኛ ሽማግሌ ናቸው።

እትዬ የሥጋ እህቴ አይደለችም። ከእናቴና ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። እናቴ ድሮ ሰው ቤት እያደረች ነበር የምትሠራው፤ አሁን እየተመላለሰች ታጸዳለች። እትዬ ደግሞ የሕንፃ ደረጃ ታጥባለች። እኔ እዚሁ ቤይሩት ነው የተወለድኩት። አረብኛን እንደ ባለሱቁ ልጅ እናገራለሁ። አማርኛን ከእናቴ አፍ ወሰድኩት፤ ፊደሉን ግን በደንብ የያዝኩት ዘንድሮ ነው፤ መጀመሪያ ከአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ላይ፣ ቀጥሎ እጄ ከገባ ወረቀት ሁሉ ላይ። አሁን እጄ አይቆምም። የማየውን ሁሉ እጽፋለሁ፣ ስጽፈውም ደስ ይለኛል፤ የሚያስከፋውንም ቢሆን።

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የሴቶቹ ሁሉ አስተርጓሚ ነኝ። ፋርማሲ፣ አከራይ፣ ቢሮ፣ የልጆች ትምህርት ቤት። በእኛ ዘንድ አስተርጓሚ የተባለውን ብቻ አይደለም የሚናገረው። የሚጎድለውን ይሞላል፣ የሚያስነውረውን ያስቀራል። አንድ ጊዜ አከራያችን ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር ጠየቀ። ያን ጊዜ የነበርንበት ክፍል ሰፊ ነበር፣ ሴቶቹም ብዙ ነበሩ። ከመካከላቸው አንዷ የዋህ ሆና "ሰባት" አለች። እኔ በአረብኛ "ሦስት" አልኩት። ሲወጣ ሁሉም ሳቁ፣ አንዷ ብስኩት ገዛችልኝ፣ እናቴም ፀጉሬን እየዳበሰች "የእኔ ልጅ ገመና ትሸፍናለች" አለች። ያ ብስኩት እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ።

እንግዲህ እትዬ ቡጢ ስትጀምር፣ በእሷና በኡስታዝ መካከል የቆምኩት እኔ ነኝ። የእሷ አረብኛ የወጥ ቤት ነው፤ "አምጪ፣ አጥቢ፣ ቶሎ" የሚለውን ይችላል እንጂ ስለ ሰው አካል ለማስረዳት አይበቃም።

አንድ ቀን ኡስታዝን ጠየቅኋቸው። ሌሎቹ ልጆች አንድ ምት ሲያርፍባቸው ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። እትዬ ግን ያው ምት ሲያርፍባት ዓይኗን አንዴ ጨፍና ትገልጣለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ለምንድነው? አልኳቸው።

ወደ ጓዳቸው ገብተው በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አትክልት ያለበት ጠርሙስ ይዘው ወጡ። መጀመሪያ ቀስ አድርገው አዘነበሉት፤ ቁርጥራጮቹ ተንሸራተው ጥግ ያዙ። ቀጥሎ በድንገት ገጨት አደረጉት፤ ቁርጥራጮቹ ከመስታወቱ ጋር ተላትመው ውሃው ደፈረሰ።

"ጠርሙሱ ተሰበረ?" አሉ።

"አልተሰበረም።"

"ውስጡስ? አየሽ፣ ጭንቅላት ይሄ ነው። ሰው የሚወድቀው ጠርሙሱ ስለተመታ አይደለም፣ ውስጡ ስለተናጠ ነው። አንገት የበረታ እንደሆነ ጠርሙሱ ብዙ አይወረወርም። አገጭ ወደ ደረት ዝቅ ሲል፣ ጥርስ ሲነከስ፣ እግር መሬቱን ሲይዝ፣ እንደዚያው ነው። ዓይን ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ያየሽው ቡጢ ያምምሻል፣ ያላየሽው ይጥልሻል። ያየሽው ሲመጣ ሰውነትሽ ሳታዢው ይዘጋጃል።"

"የቀረውስ?"

"የቀረው ከእናት ሆድ ይዘሽው የምትመጪው ነው። እሱን እኔ አላውቅም።"

ይሄን ሁሉ ለእትዬ ነገርኳት። ጓንቷን በጥርሷ እየፈታች ሳቀች።

"ዓይኑን እንኳ ማዳሜ ናት ያሠለጠነችኝ በያቸው። ነጠላ ጫማ ስትወረውር ከየት እንደሚመጣ ከትከሻዋ አውቅ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሃን እያጠብኩ እንኳ፣ ያኒ፣ በመስኮቱ መስታወት አያት ነበር።"

ተረጎምኩላቸው። እሳቸው አልሳቁም። "ትክክል ናት፤ የሚታየው ትከሻ ነው፣ እጅ አይደለም" አሉና ፊቷን አይተው "ስንት ዓመት እዚያ ነበረች?" አሉ።

"ስድስት በያቸው። ደግሞም ፊት ይለምዳል በያቸው። እጄን ተመልከቺ፣ መጀመሪያ በበረኪና ይላጥ ነበር፣ አሁን ድንጋይ ሆኗል። ፊትም እንደዚያው ነው።"

ኡስታዝ እጇን ይዘው አገላብጠው አዩት። "ቆዳ ይለምዳል። ውስጡ ግን አይለምድም። እያንዳንዱ ምት ከውስጥ ቆንጥሮ ይወስዳል። ዛሬ ምት የቻለ አገጭ ነገ እንደሚችል ዋስትና የለውም። ይሄን በደንብ አድርገሽ ንገሪያት።"

እኔ ግን "ተጠንቀቂ ይሉሻል" ብቻ አልኳት። ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር፤ ደስታዋን ማበላሸት አልፈለግኩም።

ደስ ያላት በምክንያት ነው። ከቤይሩት ወጣ ብሎ ኻልዴ በሚገኝ አንድ አዳራሽ የሴቶች ግጥሚያ ሊካሄድ ነበር፣ ኡስታዝም አስመዝግበዋታል። እትዬ ዋንጫ አላማራትም። ያማራት ሌላ ነው። ማዳሟ "ስምሽ ምላሴን አስቸገረኝ" ብላ ሌላ ስም አውጥታላት ነበር። ከእሷ በፊት የነበረችውም ሠራተኛ የምትጠራው በዚያው ስም ነው፤ ስሙ የቤቱ ነው፣ እንደ መጥረጊያው። ስድስት ዓመት በዚያ ስም "አቤት" ብላለች። ኻልዴ ግን ማይክራፎን የያዘ ሰው እናቷ ባወጣችላት ስም ከነአባቷ ይጠራታል። "ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብሎ" ትላለች፣ ሌሊት እንዳየችው ሕልም። ናባዓ ያለ ልብስ ሰፊ ስሟን በቀይ ክር ሸሚዝ ጀርባ ላይ ሰፍቶላት ነበር። ሸሚዙን አጣጥፋ ፍራሿ ሥር ነው የምታስተኛው።

እስከዚያው ድረስ የሁሉም ልምምድ በእሷ ላይ ሆነ። ከባድ የሚመታ ሁሉ የሚፈልገው እሷን ነው፣ አትወድቅማ። አሁን ሳስበው ክፉው ነገር እዚያ ላይ ነበር። የሚወድቅ ሰው ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ያን ቀን ይበቃዋል። የማይወድቅ ሰው ቀጣዩን ምት ይቀበላል። ጠንካራ አገጭ ያለው ሰው ከሁሉም በላይ የሚደበደበው ለዚህ ነው። እኔ ግን ያኔ በኩራት ከገመዱ ውጪ ቆሜ "የእኛዋ ናት" እል ነበር።

ኡስታዝ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከልምምድ በፊት ሦስት ቃላት ይሰጣሉ፣ ከልምምድ በኋላ ይጠይቃሉ። ቃላቱን የመለሰ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ያልመለሰ ለሳምንታት ጓንት አያደርግም። በፈለግነው ቋንቋ መመለስ እንችላለን። የመጀመሪያ ቀን ለእትዬ የሰጧት ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ድልድይ ነበር። ሦስቱንም አለች፣ እኔም ተረጎምኩ።

አንድ ማታ ግን ከእሷ የምትከብድ ልጅ ከጎን በወረወረችው ቡጢ መታቻት። እትዬ አላየችውም ነበር። አልወደቀችም። ሁለቱ ዓይኖቿ ብቻ ለትንሽ ጊዜ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ዓይን መሰሉ። ሲያልቅ ኡስታዝ ጠየቋት።

"ሳሙና" አለች። "በግ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ሦስተኛው ምን ነበር ሚጣ?"

ኡስታዝ አማርኛ አይሰሙም። እኔም ፊቴ ላይ ምንም ሳይታይ በአረብኛ "ሳሙና፣ በግ፣ መስኮት" አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ፎጣ ወረወሩላት። ደረጃውን ስንወጣ እትዬ ጎኔን ጎነጥ አደረገችኝ። "አንቺ ባትኖሪ" አለች። ያ ብስኩት ድጋሚ ጣመኝ።

ከዚያ በኋላ ለመድነው።

ቤት ውስጥ ግን ነገር ይበላሽ ጀመር። ያጠበችውን ልብስ ከገመድ ላይ አውርዳ እንደገና ታጥባለች። መብራት ስናበራ ዓይኗን ትጋርዳለች። ፓናዶል በኪሷ እንደ ማስቲካ ይዛ ትዞራለች። ደረጃ የምታጥብበትን ሕንፃ አልፋ ሄዳ፣ የማታውቀው ሕንፃ ውስጥ ገብታ ውሃ አፍስሳ፣ በረኛው አባረራት። ይሄን ራሷ ናት እየሳቀች የነገረችን። "ቢያንስ አንድ ደረጃ በነፃ አጥቤ ጸደቅኩ" አለች። እናቴ አልሳቀችም።

አንድ እሑድ ረፋድ ከእናቴ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደረጃው ላይ ጋዝ ሸተተን። እናቴ ሮጣ በሩን ከፈተች። እትዬ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ታበጥራለች። ምድጃው ላይ ውሃ የሞላ ጀበና ተጥዷል፣ እሳት ግን የለም፤ ጋዙ ብቻውን ይተነፍሳል።

እናቴ ጋዙን ዘጋች፣ መስኮቱን በረገደች። "አንቺ፣ ልትገድይን ነው?"

"ምነው? ጠጥተን የለ እንዴ?" አለች እትዬ። ማበጠሪያው ፀጉሯ ላይ ቆመ። "ቅድም ጠጥተን... አልጠጣንም?"

እናቴ አየችኝና ወጣች። ደብተሬን ይዤ ተከተልኳት፣ የውሃ ታንከሮቹ ወዳሉበት ጣራ ወጣን። ያን ደብተር የጀመርኩት ስለ አገጭ ለመጻፍ ነበር፤ ኡስታዝ ያሉትን፣ የጠርሙሱን ነገር፣ ሁሉንም። የየቀኑን ቃላትም እጽፍ ነበር፣ መጻፍ ስለሚያስደስተኝ ብቻ። እናቴ ተቀብላኝ ራሷ ጮክ ብላ አነበበችው፦

ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ድልድይ። ሦስቱንም አለች።
ሳሙና፣ በግ፣ መስኮት። ሁለት አለች። አንዱን እኔ ጨመርኩ።
ጨው፣ ጥላ፣ ባቡር። ጨው አለች። ሁለቱን እኔ።
ወተት፣ ምስማር፣ ዝናብ። "ያው የቅድሙን" አለች። ሦስቱንም እኔ።

ስጽፈው አንድ በአንድ ነበር። አንድ ላይ ሆኖ ሲነበብ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ደብተሩን ዘግታ መለሰችልኝ። "ይሄን እኔ ነኝ ያስለመድኩሽ" አለች። "የቤት ኪራይ ሌላ ነው፤ ይሄ ሌላ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እሷ የምትለውን ብቻ በይ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።"

"ግጥሚያውስ? ስሟስ?"

"ስሟን እኛ እንጠራታለን።"

ወርዳ ለእትዬም ነገረቻት፤ ሐኪም ቤት እንድትሄድ፣ ቡጢውን እንድትተው። እትዬ አልተቆጣችም። ከግጥሚያው ማግስት እሄዳለሁ ብላ በማርያም ማለች። በማግስቱ እናቴ ወደ ሥራ ስትወጣ ግን እጄን ያዘችው፣ በዚያ ድንጋይ በሆነ እጇ።

"አንድ ቅዳሜ ብቻ ሚጣ። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ነው። ከዚያ በኋላ ብትፈልጊ ለመላው ቤይሩት ንገሪ።"

እሺም እምቢም አላልኩ። እሷ ግን ዝምታዬን እሺ ብላ ወሰደችው።

ቅዳሜ ቀን በቫን ሄድን። ከቡርጅ ኤል ባራጅነህ ሰፈር ወዲያ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። አውሮፕላን ከላያችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ እትዬ ሸሚዙን የያዘውን ፌስታል ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ኡስታዝ ከፊት ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

አዳራሹ ከአንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ ጀርባ ነው። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ መነጽር ያደረገች ወጣት ሐኪም ተጋጣሚዎችን ታያለች። የእትዬን ዓይን በባትሪ አየች፣ ደም ግፊቷን ለካች፣ ጣቷን እንድትከተል አደረገቻት። ኡስታዝ ጣልቃ ገብተው "ቃላትም ስጪያት፤ የእኔ ልጆች ለምደዋል" አሏት። በኩራት ነው ያሉት። ሐኪሟ ሦስት ቃላት ሰጠች፣ ዳቦ፣ መርፌ፣ ባሕር። እኔ ለእትዬ በአማርኛ ነገርኳት፣ እሷም ደገመችው። ከዚያ ሐኪሟ ወረቀት መሙላት ጀመረች፣ ስለ ዕድሜዋ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ እንቅልፏ ጠየቀቻት። ከውጪ የሰው ጫጫታና ማይክራፎን ሲሞከር ይሰማል።

"አሁን ቃላቱን" አለች ሐኪሟ።

እትዬ ፈገግ አለች። "ዳቦ" አለች። ቀጥላ ግድግዳውን አየች፣ ጣሪያውን አየች። "ዳቦ..." ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ፈገግታዋ አልጠፋም። ድምጿን ሳትቀይር፣ ሦስተኛውን ቃል የምትል በሚመስል አነጋገር "አንቺ ታውቂዋለሽ ሚጣ፣ በያቸው፣ ኸላስ" አለችኝ።

ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። ኡስታዝ ጭንቅላታቸውን ለመነቅነቅ ተዘጋጅተዋል። ሦስቱ ቃላት በአረብኛ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ።

"ዳቦ ብላለች" አልኩ። "ከዚያ ደግሞ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ በያቸው ብላኛለች።"

የወጥ ቤት አረብኛዋ ይሄን ለመስማት ይበቃት ነበር። ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፣ ማን እንደሚያነሳው ጠፋ።

ሐኪሟ ብዕሩን አስቀመጠች። ኡስታዝ ወደ እኔ ዞሩ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉ ቀስ ብለው።

ደብተሬን አወጣሁ። እሳቸው አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ መስመር በመስመር እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው፣ እትዬ እዚያው ተቀምጣ እየሰማች። በሕይወቴ ሳልጨምርና ሳልቀንስ የተረጎምኩት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። "ሦስቱንም እኔ" የሚለው ጋ ስደርስ ኡስታዝ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። "ከዚያ በኋላም ገመዱ ውስጥ አስገብቻታለሁ" አሉ፣ ለማንም አይደለም። "ስትቆም ጊዜ ደህና ናት ብዬ።"

እትዬ ሸሚዙን ከፌስታሉ አላወጣችውም። "ተረጎምሽ?" አለችኝ።

"ተረጎምኩ።"

"ጎበዝ።"

ብትመታኝ ይሻል ነበር የሚባለው ነገር እውነት እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ።

ሐኪሟ ከግጥሚያው ሰርዛ አሰናበተችን። ወደ መውጫው የሚወስደው መንገድ በአዳራሹ በኩል ነው። ግማሽ ላይ ስንደርስ ማይክራፎን የያዘው ሰው የቀጣዮቹን ተጋጣሚዎች ስም መጥራት ጀመረ። አሮጌውን ዝርዝር ነበር የያዘው። ስሟን ጠራ። መሃሉን ትንሽ ሰበረው እንጂ የሷ ነበር፣ ከነአባቷ፣ ጮክ ብሎ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት። እትዬ ቆመች። ጀርባዋ ቀጥ አለ፣ ያ ወፍራም አንገቷ ቀና አለ፣ አፏም ሊመልስ ትንሽ ተከፈተ። አንድ ሰው ሮጦ ለጠሪው በጆሮው ነገረው። "ተሰርዟል" አለ በዚያው ማይክራፎን፣ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። አንዳንድ ሰው አጨበጨበ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

በማግስቱ እናቴ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። የጭንቅላት ፎቶ ተነሳች፣ ወረቀት ሰጧት። ከእንግዲህ አንድም ምት ጭንቅላቷ ላይ እንዳያርፍ ተባለች። አንዳንዱ ይመለስላታል፣ አንዳንዱ ላይመለስ ይችላል አሉ። ይሄን የተረጎምኩት እኔ አይደለሁም፤ ሌላ ሴት ይዘው ሄዱ፣ እትዬ እኔን አልፈለገችም። በሳምንቱ ፍራሿን ጠቅልላ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ጓደኛዋ ዘንድ ገባች። ምድር ቤቱ ውስጥ ልጓሙ ከምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ኡስታዝ ማንንም አያስነኩም።

ባለፈው እሑድ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ነበረች። ከስታለች፣ አንገቷ እንኳ ቀጥኗል። እናቴ አልነበረችም። አልገባም አለች፣ ደፍ ላይ ቆመች።

"ያን ቀን የሰጡኝ ቃላት ምን ነበሩ?" አለችኝ። "ዳቦን አውቃለሁ። ሌሎቹ ያቃዡኛል።"

"ዳቦ፣ መርፌ፣ ባሕር።"

"ዳቦ፣ መርፌ፣ ባሕር" አለች። "ይሄ ነው እንዴ? ይሄ አቃተኝ?" ትንሽ ሳቀች። ጉንጯን ልስም ፈልጌ አልደፈርኩም። እሷ ግን እንደ ድሮው ጎኔን ጎነጥ አደረገችኝና ወረደች።

ደረጃው ላይ ስትወርድ ለራሷ ስትለው ይሰማኛል። ዳቦ፣ መርፌ፣ ባሕር። የመጀመሪያውን ፎቅ ወረደች። ዳቦ፣ መርፌ፣ ባሕር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ "ዳቦ" አለች፣ "መርፌ" አለች፣ እርምጃዋም ቆመ።

እኔ ከላይ የደረጃውን ብረት ይዤ ቆሜያለሁ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነው። ዝም አልኩ። እሷም ወደ ላይ ቀና ብላ አልጠየቀችኝም።